ቴኒስ አንድ አባት የለውም፤ መስመር የነካች ኳስም ውጪ አይደለችም

ሰሞኑን ስለ ቴኒስ አመጣጥና አጨዋወት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ጨዋታው ከጥንት ግብፅ መጣ ይላል፤ ፈጣሪው አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ነው ይላል፤ የነጥብ አቆጣጠሩን ከሰዓት ይመዝዛል፤ ከዚያ ወደ ሕጉ ገብቶ ለጀማሪ ምክር ይሰጣል። ጸሐፊው ጨዋታውን እንደሚወዱት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያምራል። ነገር ግን የታሪኩ ክፍል አብዛኛው በስማ በለው የተለቀመ ነው፤ የሕጉ ክፍል ደግሞ አምኖት ሜዳ የገባን ሰው ነጥብ ያስጥለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን እያነሣሁ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጸሐፊው በመግቢያቸው «ቴኒስ የጥንት ግብፃውያን ጨዋታ ሲሆን ስሙም ቲኒስ ከተባለችው ከተማቸው የመጣ ነው» ይላሉ። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ደግሞ «ቴኒስን የፈጠረው ሜጀር ዋልተር ዊንግፊልድ ነው» ይሉናል። በፈርዖኖች ዘመን የተወለደ ጨዋታ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ዳግመኛ አይወለድምና ቢያንስ አንዱን መተው ነበረባቸው። እኔ ሁለቱንም ቢተዉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቲኒስ የምትባል ከተማ በእርግጥ ነበረች። የዓባይ ወንዝ ወደ ሜዲትራንያን በሚገባበት አካባቢ የነበረች፣ በሽመና ሥራዋ የታወቀች የመካከለኛው ዘመን ከተማ ናት። ከጨዋታው ጋር የሚያገናኛት ግን የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ኳስን በእጅ መምታት ግሪኮችም ሮማውያንም ያውቁት ነበር፤ ኳስ የተመታበት ቦታ ሁሉ የቴኒስ አገር ከሆነማ ቴኒስ አገር የለውም ማለት ነው።

ዱካው ሳይቋረጥ የሚገኘው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገዳማት ቅጥርና በከተማ ግቢዎች ሰዎች ኳስን በባዶ መዳፍ እየመቱ ይጫወቱ ነበር። የጨዋታው ስም ራሱ ይህንኑ ይናገራል፦ «ጁ ደ ፖም»፣ የመዳፍ ጨዋታ። መዳፍ ሲያም ጓንት መጣ፤ ከጓንት በኋላ የእንጨት መምቻ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ጅማት የተወጠረበት ራኬት ተለመደ። «ቴኒስ» የሚለውን ስም ያወጡለት እንግሊዞች ናቸው። አብዛኞቹ የቃላት አጥኚዎች መነሻውን «ቴኔ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ያደርጉታል፤ ኳሷን የሚያስጀምረው ሰው ለተቀባዩ የሚያሰማው ጥሪ ነው። በአማርኛ «እንኩ!» ብንለው ልክ ይገጥማል፤ አክብሮቱ እንኳ አይጎድልም።

ዊንግፊልድ ከመወለዱ ከ500 ዓመት በፊት ይህ ጨዋታ ነገሥታትን ይገድል እንደነበር ጸሐፊው ቢያውቁ ኖሮ ጽሑፋቸው ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። የፈረንሳዩ ሉዊ 10ኛ በ1316 ቫንሴን ላይ በኃይል ተጫውቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ የቀዘቀዘ ወይን ጠጥቶ ታሞ እንደሞተ ይተረካል። በስሙ ተለይቶ የሚታወቀው የመጀመሪያው የቴኒስ ተጫዋችም እሱ ነው ይባላል። ቻርልስ 8ኛ በ1498 አምቧዝ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ ጨዋታ ለማየት ሲሄድ ራሱን ከበር ጉበን ጋር አጋጭቶ በዚያው ቀን ሞተ። የስኮትላንዱ ጄምስ 1ኛ ደግሞ በ1437 ፐርዝ ላይ ገዳዮቹ ሲመጡበት በፍሳሽ ቦይ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ቦዩ ግን ተደፍኗል። ያስደፈነው ራሱ ነበር ይባላል፤ የቴኒስ ኳሶቹ እየገቡ እየጠፉበት። በ1789 የፈረንሳይ አብዮተኞች «ሕገ መንግሥት ሳይቆም አንበተንም» ብለው የማሉትም ቬርሳይ በሚገኝ የዚሁ ጨዋታ አዳራሽ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ሜጀሩ እንምጣ። ዊንግፊልድ ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም። በ1874 በወሰደው ፓተንት ላይ ራሱ የጻፈውን ማየት ይበቃል፦ የሚያስመዘግበው «ጥንታዊውን የቴኒስ ጨዋታ ለመጫወት የሚያገለግል አዲስና የተሻሻለ ሜዳ» ነው። ጥንታዊ ያለው እሱ ራሱ ነው! የእሱ ብልሃት በአዳራሽና በግድግዳ መካከል የነበረውን ጨዋታ ወደ ሣር ማውጣቱና መረቡን፣ ኳሶቹን፣ ራኬቶቹንና የሕጉን መጽሐፍ በአንድ ሣጥን አድርጎ መሸጡ ነው። በዚያም ላይ ብቻውን አልነበረም። ሃሪ ጌምና ስፔናዊ ተወላጁ ወዳጁ ኦጉሪዮ ፔሬራ ከእሱ ዓመታት ቀድመው በርሚንግሃም ውስጥ ሣር ላይ ይጫወቱ ነበር፤ በኋላም ሌሚንግተን ስፓ በምትባል ከተማ የሣር ቴኒስ ክለብ አቋቁመዋል።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ለምን ያን ጊዜ የሚለው ነው። የድሮው ኳስ ከጨርቅና ከጠጉር የተጠቀጠቀ ጠንካራ ነገር ነበር፤ ከድንጋይ ወለል ላይ ይነሣል፣ ሣር ላይ ግን ሞቶ ይቀራል። ቻርልስ ጉድይር በ1844 ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከር ዘዴውን በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ሣር ላይ የሚነጥር የጎማ ኳስ መሥራት ተቻለ። ኤድዊን በዲንግ ደግሞ በ1830 የሣር ማጨጃ መኪና ፈጥሮ ነበርና የተስተካከለ ሣር ብርቅ መሆኑ ቀረ። ጎማውና ማጨጃው ከተገኙ ዊንግፊልድ ባይኖር ሌላ ሰው ያወጣው ነበር፤ እንዳየነውም ሌሎች አውጥተውታል።

ከሁሉ የሚገርመው ዛሬ ከምንጫወተው ውስጥ የዊንግፊልድ ፈጠራ የሆነው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የእሱ ሜዳ ወገቡ ላይ የቀጠነ፣ እንደ አሸዋ ሰዓት ያለ ቅርጽ ነበረው። ነጥቡ እስከ 15 ይቆጠራል፤ ነጥብ የሚያገኘውም ሰርቭ ያደረገው፣ ማለትም ኳሷን መትቶ ያስጀመረው ብቻ ነው። ለጨዋታው ያወጣለት «ስፋይሪስቲኬ» የሚል የግሪክ ስም እንኳ ከአፍ አልገባ ብሎ ወዲያው ተረሳ።

እነዚህን ሁሉ የቀየረው ዊምብልደን ነው፤ እዚህም ላይ ጸሐፊው «ዊምብልደን ለቴኒስ ተብሎ የተቋቋመ ክለብ ነው» ሲሉ ተሳስተዋል። ክለቡ በ1868 የተቋቋመው ለክሮኬ ነው፤ በእንጨት መዶሻ ኳስ እየገፉ በቀለበት የሚያሳልፉበት ጨዋታ ማለት ነው። ቴኒስን ያስገባው በኋላ ሲሆን በ1877 የመጀመሪያውን ውድድር ሲያዘጋጅ አንዱ ምክንያት የሣሩን መዳመጫ ለማስጠገን ገንዘብ መፈለጉ ነበር። 22 ወንዶች ተመዘገቡ፤ ስፔንሰር ጎር አሸነፈ። ይኸው ጎር ከዓመታት በኋላ ክሪኬት በደንብ የተጫወተ ሰው በሣር ቴኒስ ይሰለቻል የሚል ነገር ጽፏል። የመጀመሪያው ሻምፒዮን እንዲህ ካለ ሌላው ምን ይበል!

ለዚያ ውድድር ሲሉ ሄንሪ ጆንስ፣ ጁልያን ማርሻልና ሲ. ጂ. ሂዝኮት የሚባሉ ሦስት የክለቡ ሰዎች ሕጉን እንደገና ጻፉት። ወገበ ቀጭኑን ሜዳ ጥለው አራት ማዕዘን አደረጉት፦ ርዝመቱ 78 ጫማ፣ ወርዱ 27 ጫማ። ይህ ማለት 23.77 በ8.23 ሜትር ነው፤ የነጠላ ጨዋታ ሜዳ ዛሬም ከዚህ ንቅንቅ አላለም። የዊንግፊልድን አቆጣጠር አውጥተው የጥንቱን የመዳፍ ጨዋታ 15፣ 30፣ 40 መልሰው አስገቡ። እንግዲህ ፈጣሪ ከተባለው ሰው ሜዳውም አቆጣጠሩም ሦስት ዓመት ብቻ ቆይተው ተሻሩ ማለት ነው።

አቆጣጠሩን ካነሣን ዘንድ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ሆነው የጻፉት ነገር አለ፦ «ነጥቡ 15፣ 30፣ 45 የሆነው የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በየሩቡ እየዞረ ስለሚያመለክት ነው፤ 60 ሲሞላ ጌሙ ያልቃል።» (ጌም ማለት ነጥቦች ተጠራቅመው የሚሞሉት የጨዋታው ትንሹ ክፍል ነው።) ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ለሰው አውርቼዋለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ችግሩ የደቂቃ ቆጣሪው ነው። ደቂቃ የሚያሳይ ዘንግ በሰዓቶች ላይ የተለመደው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 ባለ ፔንዱለም ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓቶች ባብዛኛው አንድ ዘንግ ብቻ ነበራቸው፣ የሰዓቱን። አቆጣጠሩ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1522 ባሳተመው የላቲን ንግግር መማሪያ ውስጥ ተጫዋቾቹ «30»፣ «45» እየተባባሉ ነጥብ ይቆጥራሉ። ከእሱ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቀድሞ የኦርሌአኑ መስፍን ቻርልስ ከእርጅና ጋር የመዳፍ ጨዋታ ሲጫወት ኖሮ 45 ላይ መድረሱን በግጥም ተናግሯል። ዕድሜውም ነጥቡም 45 መሆኑ ነው ቅኔው። አንባቢው አቆጣጠሩን ባያውቅ ኖሮ ቅኔው አይገባውም ነበርና በዚያ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው። 45 ወደ 40 የተለወጠው ደግሞ ሲጠሩት ስለሚያጥር ነው የሚለው ማብራሪያ ቀላሉና ሚዛን የሚደፋው ነው። 15 ለምን ተመረጠ ለሚለው፣ ሰዎች በጨዋታው ላይ ገንዘብ ይወራረዱ ስለነበር ከሳንቲም አቆጣጠር ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ ሰዓት ግን አይደለም።

ዜሮን «ላቭ» የሚሉት ከፈረንሳይኛው «ሎፍ»፣ ከእንቁላል ነው የሚለውንም ቢተዉት ጥሩ ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው ቴኒስ ሲጫወቱ «ዜሮ» ይላሉ እንጂ እንቁላል አይሉም። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለ ገንዘብ የሚደረግን ጨዋታ «ለፍቅር (ለላቭ) መጫወት» ማለት የቆየ አነጋገር ነውና ባዶ እጅ ለቀረ ሰው የሚስማማው ይኸኛው ይመስለኛል። «ዲውስ» ከፈረንሳይኛ «ሁለት» የመጣ ነው ያሉት ግን ትክክል ነው። 40 እኩል ከሆነ በኋላ ለማሸነፍ ሁለት ተከታታይ ነጥብ ያስፈልጋል፤ አንዱ አድቫንቴጅ ይባላል፣ ሁለተኛው ጌሙን ይዘጋል።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ፤ የታሪክ ስሕተት ማንንም አይጎዳም፣ የሕግ ስሕተት ግን ጨዋታ ያበላሻል፣ ጓደኛም ያጣላል።

ጸሐፊው «ኳሷ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ውስጥ ካላረፈች ውጪ ናት» ይላሉ። አይደለችም። መስመሩን በጠርዟ እንኳ ከነካች ውስጥ ናት። ይህ ዳኛ በችሮታ የሚሰጠው ነገር አይደለም፤ ከሜዳው አለካክ የሚመጣ ነው። 23.77 እና 8.23 ሜትር የሚባሉት ልኮች የሚወሰዱት ከመስመሮቹ የውጪ ጠርዝ እስከ የውጪ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ራሱ የሜዳው አካል ነው። የኋላው መስመር እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ በጸሐፊው ሕግ ብንሄድ ከሜዳው ላይ ያን ያህል ቆርጠን እንጥላለን። ይህን የተረዳ ሰው ሌላም ነገር ይገለጥለታል፦ ሰርቭ የሚያደርገው ሰው ኳሷን ከመምታቱ በፊት የኋላውን መስመር በጫማው ጫፍ ከነካ ለምን ፎልት (የተበላሸ ሰርቭ) ይባላል? መቆም ያለበት ከሜዳው ውጪ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ሜዳ ነው። ለኳሷ የሚያደላው ደንብ በእግር ላይ የሚፈርደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «ኳሷ ሁልጊዜ በመረቡ አናት ማለፍ አለባት» የሚለው ነው። በዚህ ሕግ ላይ አንድ ወዳጄና እኔ ግማሽ ሰዓት ቆመን ተከራክረናል፤ ራኬታችንን መሬት ላይ ጥለን። እሱ ወደ ጎን ርቆ ሄዶ የመታት ኳስ ከመረቡ ምሰሶ ውጪ ዞራ፣ ከጉልበት ዝቅ ብላ መጥታ እኔ ጋ ጥግ ላይ አረፈች። «መረቡን አላለፈችም!» አልኩ። ተሸናፊው እኔ ነበርኩ። መረቡ መሀል ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ምሰሶው ጋ 1.07 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከምሰሶው ውጪ ባለው ባዶ ቦታ ግን ምንም ከፍታ የለም፤ ዞራ መጥታ ሜዳው ውስጥ ካረፈች ትክክለኛ ምት ናት። በጨዋታ መሀል መረቡን ወይም ምሰሶውን ነክታ ተሻግራ ብታርፍም ያው ነው። በሰርቭ ጊዜ ግን ይለያል፤ መረቡን ነክታ ሰርቭ ማረፍ ባለባት ሣጥን ውስጥ ካረፈች «ሌት» ተብሎ ይደገማል፣ ምሰሶውን ከነካች ፎልት ናት። ሌት «ሦስት ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል» ያሉትም ከየት እንደመጣ አልገባኝም፤ ገደብ የለውም።

«ኳሷ አንድ ጊዜ ከነጠረች በኋላ ብቻ ትመታለች» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሁለት ጊዜ ከነጠረች አበቃ፤ ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት ግን ይፈቀዳል። ያ ጎር እንኳ በ1877 ያሸነፈው መረቡ ሥር እየቀረበ ሳትነጥር በመምታት ነው። የማይቻለው በሰርቭ መልስ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ኳስ መንጠር አለባት።

ከእጅ በታች ሰርቭ ማድረግ «ክልክል ነው» ብለዋል። ሕጉ የሚለው ኳሷ ከእጅ ተለቅቃ መሬት ሳትነካ በራኬት እንድትመታ ነው፤ ከላይ ይሁን ከታች አይልም። በ1989 የፈረንሳይ ኦፕን የ17 ዓመቱ ማይክል ቻንግ እግሩ በቁርጠት ተይዞ መቆም ሲያቅተው የዓለም 1ኛ በነበረው ኢቫን ሌንድል ላይ ከእጅ በታች ሰርቭ አድርጎ ነጥቡን ወሰደ፤ ጨዋታውን አሸነፈ፣ ቆይቶም ዋንጫውን አነሣ። ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ያ የወግ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ትልቁ ጉዳይ ሴት ነው። («ሴት» ስል መረብ ኳስ ላይ እንደምንለው በጌሞች የሚሞላውን የጨዋታውን ክፍል ነው፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ የተለመደ ቃል አላገኘሁለትም።) ጸሐፊው «ቀድሞ 6 ጌም የወሰደ ሴቱን ያሸንፋል፤ 6 ለ 6 ከሆነ ከጥንት ጀምሮ እንደሚደረገው ታይብሬክ ገብቶ 7 ነጥብ የቀደመ ይወስዳል» ብለዋል። አንደኛ፣ 6 ለ 5 ሴት አይዘጋም፤ የሁለት ጌም ልዩነት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 7 ለ 5 ይኬዳል። ሁለተኛ፣ ታይብሬክም በሁለት ነጥብ ልዩነት ነው፤ 7 ለ 6 ሆኖ አያልቅም፣ 8 ለ 6፣ 9 ለ 7 እያለ ይቀጥላል። የጀመረው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሰርቭ ያደርጋል፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈራረቃሉ፤ በየ6 ነጥቡ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛ፣ ጥንታዊ አይደለም። አሜሪካዊው ጂሚ ቫን አለን የጨዋታ ርዝመት አስመርሮት ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ዩኤስ ኦፕን በ1970፣ ዊምብልደን በ1971 ተቀበሉት። በመጨረሻው ሴት ላይ ግን ዊምብልደን ለረጅም ጊዜ አልተቀበለውም ነበር። በ2010 ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማዩ ለሦስት ቀን እየተቆራረጠ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ የወሰደ ጨዋታ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጨረሻው ሴት 70 ለ 68 አለቀ። ከ2022 ወዲህ አራቱም ታላላቅ ውድድሮች በመጨረሻው ሴት 6 ለ 6 ሲሆን እስከ 10 ነጥብ የሚሄድ ታይብሬክ ያስገባሉ። «ቴኒስ በአምስት ሴት ነው» የሚለውም ለወንዶች፣ ያውም ባብዛኛው በእነዚሁ ውድድሮች ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ነው።

አንድ ቀረኝ። ጸሐፊው ለጀማሪ በሰጡት ምክር «ውጪ እንደምትወጣ ያወቁትን ኳስ ይያዟት፤ ጊዜ ይቆጥባል» ይላሉ። ይህ ምክር ውድ ነው። ኳሷ መሬት ሳትነካ እጅዎን፣ ልብስዎን ወይም የያዙትን ራኬት ከነካች፣ ከኋላው መስመር አምስት ሜትር ርቀው አጥሩ ጋ ቆመው ቢሆን እንኳ፣ ነጥቡ የተጋጣሚዎ ነው። ኳስ ውጪ የምትባለው ውጪ ስታርፍ ነው እንጂ ወደ ውጪ ስትሄድ አይደለም። ዘወር ይበሉላት፣ ትንጠር፤ ከዚያ «ውጪ!» ይበሉ።